የእነ ወንድዬ ልብ

መለሰ የሐኪሙን ደብዳቤ አንብቦ እንደጨረሰ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። «ይህ ወሬ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለ።

ልጁ የትምወርቅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በመካነ ሰላም ከትምህርት ቤቷ ሴቶች በሩጫ የሚቀድማት የለም። ታላቅ ወንድሟ ወንድዬ አምና ኳስ ሲጫወት ወድቆ በዚያው ቀረ። ሰዉ ቡዳ በላው አለ። ጎረቤታቸው እትዬ ንግሥቴ ዓይናቸው ነው ተብለው እስከ ዛሬ ሰላም የሚላቸው ጠፋ።

ዘንድሮ ደግሞ የመለሰ እህት አልታዬ ራሷን ስታ ወደቀች። አዲስ አበባ ልቧ በአልትራሳውንድና በኤምአርአይ ሲታይ ጡንቻው ወፍሮ ተገኘ። ሐኪሙ በምስሉ ብቻ አልፈረደም፤ የደም ግፊትም ልብን ያወፍራል። ነገሩን የለየው የዘረመል ምርመራው ነው፦ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዓይነት ሆነ። ደብዳቤው የሥጋ ዘመዶች ሁሉ እንዲመረመሩ ይጠይቃል።

«የዘር በሽታ አለባቸው ከተባለ ማን ያገባሻል?» አለ መለሰ።

«ወንድዬስ መች ለማግባት ደረሰ?» አለች የትምወርቅ።

አባቷ ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ የትምወርቅ በቀጥታ እትዬ ንግሥቴ ቤት ሄደች። «ወንድሜን የገደለው ልቡ ይመስለኛል። እርስዎ አይደሉም» አለቻቸው። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ እጇን ይዘው ቆዩ። እስከ ገበያ ቀን ወሬውን ያልሰማ አልነበረም፤ መለሰም ልጁን ማናገር ተወ።

የትምወርቅ ለስፖርት መምህሯ ሳትመረመር በዞኑ ውድድር እንደማትሮጥ ነገረችው። ጓደኛዋ ሉሊት ሰምታ ተናደደች።

«አካበድሽው እኮ። ምንም አልሆንሽም።»

«ወንድዬም ምንም አልሆነም ነበር።»

ቅዳሜ ጠዋት ለምርመራ ለመሄድ ከአክስቷ ከአልታዬ ጋር መናኸሪያ ስትደርስ አባቷን የደሴው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ገብታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ደሴ ላይ የልቧ ምስል ንጹሕ ሆነ። መለሰ እፎይ ብሎ ለመሄድ ተነሣ። ሐኪሟ ግን አስቆመችው፤ የልጅቷ ልብ ዛሬ ደህና ቢመስልም ስታድግ ሊወፍር ይችላል። አልታዬ ላይ የተገኘው የዘረመል ለውጥ እሷም ላይ መኖር አለመኖሩን የሚናገረው የደም ምርመራ ነው። ከተገኘ ደግሞ ውድድር ሊቀርባት ይችላል።

«ደህና ናት ተብሏል፤ ይበቃል» አለ መለሰ።

ሐኪሟ የትምወርቅን አየቻት። «አንቺስ? ማወቅ ትፈልጊያለሽ?»

የትምወርቅ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

«ይቅዱልኝ» አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «ቀጥሎ እርስዎ ነዎት፣ አባዬ።»