የተቀሰረች ጣት

«መልሺው! ትንሽ ወደ ኋላ... እዚህ ጋ! ጣቷን እዩት!»

ናርዶስ ስልኩን የጠመኔ ማስቀመጫው ላይ አስደግፋ በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ በመዳፏ ትከልላለች። የትምህርት ቤቱ የባህል ክበብ ልጆች አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተደራርበው ዓይናቸውን ተክለዋል። ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ዳስ ሥር ተቀምጣ ድቤ ትመታለች፤ ሠርገኛው ዙሪያዋን ያጨበጭባል። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ወደ ላይ ተቀስራለች። እጁ ሲነሳም ሲወርድም ያቺ ጣት ቆዳውን አትነካም። ያጠለቀችው ቀጭን የብር ቀለበት ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ይሄ ነው የመርሳ ስልት» አለች ናርዶስ ፊልሙን አቁማ። «ሌላ አገር በመዳፍ ብቻ ነው የሚመቱት። እኛ ጋ ጣት ይቀሰራል። ከቅድመ አያቶቻችን የመጣ ነው። ቅዳሜ ወልድያ ውድድሩ መድረክ ላይ ወጥቼ ይህን ስናገር የሌላው ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ አፉን ነው የሚከፍተው። አይደል ለይላ?»

ከኋላ ዴስክ ላይ የተቀመጠችው ለይላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

እሷ ፊልሙን ለማየት መጋፋት አላስፈለጋትም። ዓይኗን ብትጨፍንም ታየዋለች። ከተዋናይቷ ትከሻ ጀርባ ያለው የጭራሮ አጥር የአክስቷ የዙልፋ ግቢ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባልሞላ ጊዜ፣ ከምስሉ ጠርዝ የአረንጓዴ ሻሽ ጫፍ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ፊልሙን የሠሩት ልጆች ራሳቸው ያስተዋሉት አይመስላትም። ዙልፋ ናት። ለይላ ብቻዋን ስትሆን እዚያ ቦታ ላይ ታቆመዋለች።

ዙልፋ ፊልሙን ሳታየው ክረምቱ ሊገባ ሲል ሞተች።

በሕይወት ሳለች በቴሌቪዥን ድቤ መቺ ሆኖ የሚተውን ሰው ካየች ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እጁ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ! «እዪው! እዪውማ ለይላ! ዳቦ እኮ ነው የሚጠፈጥፈው! ያረቢ፣ እንግዶቹን ሊጥ በሊጥ አደረጋቸው!» ትላለች። ዙልፋ መርሳ ውስጥ ሠርግ ካለ የምትጠራ፣ እሷ ካልመጣች ሙሽራ የማይነሳላት ድቤ መቺ ነበረችና መሳቅ መብቷ ነው።

ሂሩት ግን እንደነዚያ አልነበረችም። የወልድያ ልጆች ስለ አንዲት ድቤ መቺ ፊልም ሊሠሩ ሲነሱ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እንድትጫወት የመረጧት ልጅ ናት። መጀመሪያ የመጣች ቀን ጥፍሯ ረዝሞ በቀይ ቀለም ያብረቀርቅ ነበር። ዙልፋ ሰላምታውን ገና ሳትጨርስ ጥፍር መቁረጫ አቀበለቻት። «ድቤና ጥፍር አንድ ቤት አያድሩም፣ የኔ ዓለም።» ሂሩት ቆረጠችው። ከዚያ በኋላ እዚያው ከረመች። ሽንኩርት ስትለቅም፣ ውሃ ስትቀዳ፣ መዳፏ እስኪያብጥ ስትመታ ቆየች። የተማረችው ምቱን ብቻ አይደለም። ዙልፋ ልትጀምር ስትል በእጇ ጀርባ ቆዳውን ዳሰስ አድርጋ ፀሐይ እንደሞቀው የምታረጋግጠውን፣ ቢስሚላህ ስትል ከንፈሯ ብቻ የሚንቀሳቀሰውን፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ የምታዳምጠውን፣ ሁሉን ወሰደችው። ጣቷንም።

ፊልሙ በየስልኩ ሲገባ የሰፈሩ ሴቶች «ዙልፋ ተነሳች!» ብለው እየሳቁ አለቀሱ። እጅና ድምፅ የተስማሙለት ድቤ መቺ ፊልም ላይ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ብዙም አልቆየ፣ የትምህርት ቤቱ ሴት ተማሪዎች ዴስኩንም፣ ጀሪካኑንም፣ የምሳ ዕቃውንም ትንሿን ጣታቸውን ቀስረው መምታት ጀመሩ። ናርዶስ «የመርሳ ስልት» የሚል ስም ያወጣችለት ያኔ ነው። ሁሉም ዞር ብለው የዙልፋን ዘመድ አዩ። ለይላም ራሷን ነቀነቀች። ያን ያህል እጅ ላይ የአክስቷን ጣት ስታይ የሆነ ነገር ደረቷ ውስጥ ይሞቃታል። እንዲቀርባት አልፈለገችም።

«ተነሱ፣ ተሰለፉ!» አለች ናርዶስ። «ቡርቱካን፣ ጀምሪ።»

ቡርቱካን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዕድሜ ከክበቡ ትንሿ፣ በምት ግን የሁሉም አለቃ። እሷ ስትጀምር የሌሎቹ ትከሻ ሳይታዘዝ ይነሳል። ችግሯ አንድ ነው፤ ጣቷ አልቀሰር አለ። ምቱ ሲሞቅ ትንሿ ጣት ከእህቶቿ ጋር አብራ ቆዳው ላይ ትወድቃለች።

«ጣት!» አለች ናርዶስ።

«እሺ።»

ጥቂት እንደመቱ፣ «ጣት አልኩሽ እኮ! ባክሽ ፋራ አታስመስይን!»

«ወላሂ አውቄ አይደለም። ሲጥመኝ ይረሳኛል» አለች ቡርቱካን። ልጆቹ ሳቁ።

ናርዶስ አልሳቀችም። ቀለሙ ያለቀ እስክርቢቶ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ቀፎውን በቡርቱካን ትንሽ ጣት ላይ አጋድማ በፀጉር ላስቲክ ጥፍር አድርጋ ጠቀለለችው። «አሁን ወደድሽም ጠላሽም ትቀስሪያለሽ።»

ለይላ ከዴስኩ ላይ ወረደች። እንጨት ላይ የታሰረ ጣት ከዚህ በፊት አይታለች።

ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ነው፤ ዙልፋና ለይላ ከግራና ገበያ ሽንኩርት ጭነው ሲመለሱ ነበር። ሾፌሩ የአይሱዙውን የጎን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ ሲከፍት ከእጁ አመለጠውና የዙልፋን እጅ ከመኪናው አካል ጋር አጣበቀው። ሌሎቹ ጣቶች ተርፈው ትንሿ ተሰበረች። ወጌሻው በሸምበቆ ስንጣሪ አሰራት፤ እስኪፈታም ዙልፋ እጇን ከልብሷ ሥር ደብቃ ከረመች። ሲፈታት አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቷ ግን እንደ ምስማር ቀጥ ብላ ቀረች፣ አትታጠፍም። ዙልፋ ድቤውን አንድ ጊዜ መታችው። ያቺ ጣት ቆዳውን ስትነካ ሕመሙ ክርኗ ድረስ ወጣ። ድቤውን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ አየች።

ከዚያ ክረምት ገባ። ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ዙልፋ በሩን ትዘጋና ድቤውን ታነሳለች። በዝናቡ ድምፅ ጎረቤት አይሰማትም። ጣቷን ከምቱ ውጪ አድርጋ፣ የእሷን ሥራ ለሌሎቹ አከፋፍላ፣ እንደ ጀማሪ ሀ ብላ ተነሳች። ለይላ ጎኗ ተቀምጣ ታጨበጭብላታለች። ምቱ ይፈርሳል። እንደገና። ይፈርሳል። ዙልፋ ትስቃለች፤ አንዳንዴም ፊቷን አዙራ አፍንጫዋን በሻሿ ትጠርጋለች። ዝናብ ካቆመ እነሱም ያቆማሉ። ክረምቱ ሲወጣ ምቱ ተመልሶ ነበር፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ ትንሽ ቀለል፣ ትንሽ ሾለል ያለ ሌላ ምት። ቀለበቷን ወደዚያችው ጣት አዛወረችና ሠርግ ሄደች።

«ዙልፋ፣ ምነው ጣትሽ?» አሏት።

«ቀለበቴን ላሳያችሁ ብዬ ነዋ!» ዳሱ በሳቅ ተሞላ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ለይላ «እትዬ፣ ለምን አልነገርሻቸውም?» ብላ ጠየቀቻት።

«እጇ ተሰበረ ከተባለ ሌላ ይጠራሉ» አለች ዙልፋ። ትንሽ ሄድ ብላ ጨመረች፤ «ቢጠሩኝም ያዝኑልኛል። ካዘኑልኝ አይጨፍሩልኝም።»

ሂሩት ስትጠይቃትም የመለሰችላት ያንኑ የቀለበቱን ቀልድ ነው። ስለ ጣቷ የሚያውቁ ወጌሻው፣ ቶሎ ከአገር የለቀቀው ሾፌርና ለይላ ብቻ ነበሩ።

አሁን ደግሞ የቡርቱካን ምት አነከሰ። ቀፎው የድቤውን ጠርዝ ቋ እያደረገ ይመታል፤ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳለች። ናርዶስ እጇን አነሳች።

«በቃ፣ ተይው። ቅዳሜ አጨብጫቢ ትሆኛለሽ። ለሚመጣው ዓመት ትደርሺበታለሽ፣ አብሽሪ።»

ቡርቱካን አልተከራከረችም። ድቤውን ወለሉ ላይ በቀስታ አስቀምጣ ላስቲኩን በጥርሷ መፍታት ጀመረች።

«ናርዶስ» አለች ለይላ። «አንዴ ውጪ ነይ።»

«አሁን? ልምምድ ላይ እኮ ነን።»

«አሁን።»

ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሙ። ለይላ መሬት መሬት እያየች ሁሉንም ነገረቻት፤ ስፖንዳውን፣ ሸምበቆውን፣ ዝናቡን።

«ስለዚህ የመርሳ ስልት የሚባል ነገር የለም» አለች ናርዶስ።

«የለም።»

«ለክበባችን ኃላፊ ለመምህር ናስር ነግሬያቸው እኮ አጨብጭበውልኛል! ስንቴ ጠየቅኩሽ? ‹አይደል ለይላ?› ስልሽ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ!»

«አዎ።»

«ውሸታም አደረግሽኝ!»

«ቅድመ አያቶቹን የፈጠርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ነቀነቅኩ» አለች ለይላ። «ደስ ብሎኝ ነበር። ሁላችሁም እሷን ስትመስሉ... በቃ ደስ አለኝ።»

ናርዶስ ወደ ክፍሉ መስኮት አየች። ቡርቱካን ጥግ ላይ ቆማ ጣቷን ታሻለች። «የእስክርቢቶ ቀፎ አሰርኩባት እኮ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ምን ሆኜ ነው?» ትንሽ ቆይታ ግን ዓይኗ በራ፤ የለይላን ክንድ ያዘች። «ቆይ! ቆይማ! ለምን ይሄንኑ አንናገርም? ከቅድመ አያቶቹ ይበልጣል እኮ! ጣቷ ተሰብሮ፣ ዝናብ ውስጥ ተደብቃ... ለይላ ሙች፣ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል! ዳኞቹ ራሳቸው ያለቅሳሉ! አንደኛ ነን!»

ለይላ አዳራሹ ታያት። ሰው ሁሉ መሐረብ አውጥቶ፣ «ምስኪን» እያለ። የአክስቷ ስም ከምስኪን ጋር ተጣብቆ ከወልድያ እስከ ግራና ሲዞር። እውነት ነው፣ አንደኛ ይወጡ ነበር። የዙልፋንም ልፋት አገር ያውቅላት ነበር። ምን ያህል ሠርታ እንደተመለሰች ማንም ሳያውቅ መቅረቱ ለይላን ራሷን ሌሊት ሌሊት ያቃጥላታል። አፏ ላይ የደረሰው «እሺ» ነበር።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን?»

«ካዘኑላት አይጨፍሩላትም። እሷ ናት ያለችው። ለአንቺ የነገርኩሽ ቡርቱካን እንዳትቀር ብዬ ነው። ከአንቺ አይለፍ።»

«እሺ፣ መድረኩ ላይ ምን ልበል ታዲያ? ባዶ አፌን ልቁም?»

ለይላ አሰበች። «ስሟን ከነአባቷ ስም ጥሪ። የምንመታው ዙልፋ ዓሪፍ ትመታው እንደነበረው ነው በዪ። ሌላ አትጨምሪ።»

«ይሄ ብቻ? አላጠረም?»

«አላጠረም።»

ናርዶስ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ቀድማ ገባች። ቡርቱካን ፊት ቆማ ድቤውን ከወለል አነሳችና እቅፏ ላይ አኖረችላት። «ጣትሽን እንደተመቸሽ አድርጊው። የምትጀምሪው አንቺ ነሽ።»

«እንዴ!» አለች አንዷ ከሰልፉ። «ጣት ካልተቀሰረ የመርሳ ስልት አይሆንም አላልሽም?»

ናርዶስ ፊቷ ቀላ። ወደ ለይላ ልታይ ብላ ተወችው። «ተሳስቼ ነው።»

«ምን አለች? ምን አለች? ናርዶስ ተሳሳትኩ አለች! ኧረ ስልኩን አምጡ፣ ይቀረጽ!» ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ናርዶስ እጇን አጣምራ ሳቁ እስኪወጣላቸው ጠበቀች፤ አንዲት ቃል አላብራራችም። ለይላ እንደዚያን ቀን ወድዳት አታውቅም።

ጩኸቱ ሲበርድ ናርዶስ ወደ ኋላ ዴስክ ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት። «ዳኞቹ ግን ፊልሙን አይተዋል። ግማሾቻችን ቀስረን ግማሾቻችን ሳንቀስር ሲያዩ ስለ ጣቱ መጠየቃቸው አይቀርም። ምን እላለሁ?»

«ወደ እኔ ላኪያቸው።»

«ምን ልትያቸው?»

«ዙልፋ እንዳለችው፣ ቀለበቷን ልታሳያችሁ ብላ ነው እላቸዋለሁ» አለች ለይላ። «ቅዳሜ እኔም ሰልፉ ላይ ነኝ» አለች። ተነስታም ከቡርቱካን ጎን ባዶ ቦታ ላይ ተቀመጠች።

ቡርቱካን ጀመረች። የመርሳ ሴት ልጆች ትከሻ ሳይታዘዝ ተነሳ።