ባዶ የተባለው ክፍል

የፍራፍሬ ማቆያው ክፍል በሩ ተቆልፎ፣ ኦክስጅኑ ተመጥጦ፣ ሳጥኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረው ነበር። ፕሮግራሙ የታዘዘውን አላጓደለም፤ እንቅስቃሴ ካላየ ክፍሉን ባዶ ነው ብሎ ይዘጋል፣ ፍራፍሬው እንዳይበላሽ ኦክስጅኑን ያስወጣል። አጥኚዋ ግን ከበሩ ሥር ወድቃ ሞታለች።

ሥራዋ ሠራተኞች ከፕሮግራሙ የሚፈልጉትን መርምሮ መጻፍ ነበር። ከመጻፏ በፊት ጥግ ይዛ ሳትነቃነቅ ሥራውን ታይ ነበር። «ሰው እስኪረሳኝ ካልተቀመጥኩ እውነቱን አያሳየኝም» ትል ነበር። ይህን ልማዷን የማያውቅ ባልደረባ አልነበረም።

ፖሊሶቹ ፕሮግራሙን የጻፈውን ፕሮግራመር ሊወስዱት ቆመዋል። መርማሪዋ «ትንሽ ታገሱኝ» አለችና ከበሩ በላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ ደወል ሳጥን በመስታወት ክዳኑ አሻግራ አየች። ከዚያ ፕሮግራመሩን፣ ፕሮግራሙን የሞከረችውን ሞካሪና የሥራውን ኃላፊ ለየብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ ለምን አልወጣችም?

ፕሮግራመሩ ወደ በሩ ጠቆመ። «እናቴ ትሙት፣ እኔም እሱ ነው ግራ የገባኝ! ከመዘጋቱ በፊት እኮ ደወል ይጮኻል።»

ሞካሪዋ ደግሞ፣ «ስሞክረው ጆሮዬን ነው የበጣጠሰው። እንኳን እሷን፣ ሙት ይቀሰቅ...» ብላ አፏን በመዳፏ ያዘች።

የሥራው ኃላፊ በረጅሙ ተነፈሰ። «ምስኪን! በሩ ሊዘጋ መሆኑን በምን ትወቀው? ይሄን ልጅ ስንቴ ተጠንቀቅ አልኩት!»

መርማሪዋ ሁሉንም በሩ ፊት ሰበሰበች።

«ደወሉ አልጮኸም፤ ሽቦው ተነቅሏል። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ሁለቱ ደወሉን ሰምታ እንዴት ቀረች ብለው ተገረሙ። እርስዎ ግን፣ ጌታዬ፣ በምን ትወቀው አሉኝ። ደወል እንዳልነበረ በምን አወቁ?»

«አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት!»

«ሳጥኑ ተቆልፎ ነው ያገኘሁት። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ሞካሪዋ ቀና ብላ ሳታይ፣ «እሳቸው ኪስ ውስጥ» አለች። «ሌላ የለም።»

ኃላፊው ግድግዳውን ተደገፈ። ድምፁ ወረደ። «በሩ ከውስጥ ይከፈት ተብሎ ካልተጻፈ አልፈርምም አለች። ርክክቡ ደርሶ፣ ሁሉም እንደገና ይሠራ ማለት እኮ ነው! የመጨረሻውን መዘጋት ጥግ ይዤ ልይ፣ ደወሉ ሲጮኽ እወጣለሁ ስትል ጊዜ፣ ሽቦውን...»

ፖሊሶቹ የፕሮግራመሩን ክንድ ለቀቁ።

ሽቦው ተመልሶ ሲገናኝ ደወሉ ተሞከረ። ድምፁ ከግቢው ውጭ መንገዱ ማዶ ድረስ ተሰማ፤ አጥኚዋ በተቀመጠችበት ጥግ ደግሞ ጆሮውን ሳይዝ መቆም የቻለ ሰው አልነበረም።