ሲያስተምር መታየት የፈራው መምህር

ስሙኝ፣ እናንተ መምህራን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሆሳዕና ከተማ መምህር ያሳደግሁ ሰው ነኝና ለመናገር ግን የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ልጄ ታዴዎስ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ ያስተምራል። ግቢዬ ውስጥ ቤት የተከራየችው ትርፊት፣ ከጊምቢቹ የመጣች ልጅ፣ ተማሪው ናት። የእሱን ትምህርት ወድቃለች። ድጋሚ ፈተናውን ከወደቀች ትባረራለች። አባቷም «አንቺ ከተመለስሽ እህቶችሽን ኮሌጅ አልክም» ብሏታል።

በዚያ ሰሞን ኮሌጁ መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል እየገቡ እያዩ እንዲመካከሩ አዘዘ። ሊያ የምትባል ባልደረባው መጥታ፣ መጀመሪያ የእኔን ክፍል እይ፣ ከዚያ እኔ ያንተን አያለሁ አለችው። ታዴዎስ ቤት ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። ሰላይ ላኩብኝ፣ ስንት ስልጠና የወሰድኩ ሰው ነኝ፣ ተማሪው ሰነፍ ቢሆን እኔ ምን ላድርግ እያለ ግቢውን ይዞራል።

«ስልጠናው ላይ ምን ተማርክ?» አልኩት።

«እማዬ፣ ይሄ ለአንቺ አይገባሽም።»

«አይገባኝም። ለአበሉ ፈርመህ ወዲያው ቤት ስትመለስ ግን አይቼሃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስቆምክ ታርማለህ። አንተን የሚያርም ሲመጣ ሰላይ ሆነ?»

ምሳውን ትቶ ወጣ። የፈተናው ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ትርፊት ምግብ እንኳ አይወርድላትም።

በመጨረሻ አለቃው ሲያስገድደው ሊያን አስገባ። ሊያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየችው። ሲጨርስ እንደ ልማዱ «ገባችሁ?» አለ፤ ክፍሉ በሙሉ «ገብቶናል» አለ። እሷም ከመካከላቸው አንዱን ብቻ አስረዳኝ በለው ብላው ሄደች። ልጄ ተሳስታለች ብሎ ሴትዮዋን ሊያሳፍር ቸኩሎ መጣና ትርፊትን ደጄ ላይ አቆማት።

«የዛሬው ትምህርት ገብቶሻል?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«እስቲ አስረጂኝ።»

ልጅቷ የመጀመሪያውን መስመር ጀምራ መሃል ላይ ጠፋባት።

«ታዲያ ለምን ገብቶኛል ትያለሽ?»

«አንድ ልጅ አልገባኝም ሲል እርስዎ ‹እንቅልፋም› አሉት። ሁላችንም ሳቅንበት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባኝም አይልም።»

ታዴዎስ አመድ መሰለ። በማግስቱ ሊያ ክፍል ሄዶ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠ። እሷ ትምህርቱን መሃል ላይ ታቆማለች፤ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርስ ያስረዳሉ፤ ያልገባቸውንም ስም ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት ይሰጧታል። እሱም እንደዚያው አደረገ። ወረቀቶቹን ሲያነብ አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንኳ እንዳልያዙ አየ። ሳይቆጣ ከሥሩ ጀመረላቸው።

ትርፊት አለፈች። እልል ብዬ ዞር ስል ልጄ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ከእሷ በፊት የወደቁትስ፣ እማዬ?» አለኝ።

አላጽናናሁትም፤ ጥያቄው የሚገባው ነበር። ለእናንተም ይገባችኋል። ስልጠና ለአበል ብቻ የምትሄዱ፣ ባልደረባ ክፍላችሁ ሲገባ የተሰደባችሁ የሚመስላችሁ፣ ዛሬም አንዷ ልጅ ፊታችሁ ተቀምጣ ሳይገባት «ገብቶኛል» እያለቻችሁ ነው። ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት የሚያያችሁ ሰው አስገቡ።