ተቀባይ ያጣ ቃሬዛ

እኔ ለእንዲህ ዓይነት ወሬ ጆሮ የለኝም፣ ድሮም አልነበረኝም። ልጅ ሆኜ ዳንግላ ሰፈራችን ውስጥ «እገሌ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል» ሲባል እኩዮቼ እናታቸው ጉያ ሲሸጎጡ፣ እኔ «ታዲያ ጠዋት ሱሪውን ከየት ያገኘዋል?» ብዬ ጠይቄ በጥፊ የተመታሁ ሰው ነኝ፣ አድጌም አልተሻለኝም፣ ዛር ሲሉኝ፣ የሐይቅ መንፈስ ሲሉኝ እያሾፍኩ ነው የኖርኩት። ይሄን የሚያወራችሁ ሰው በቀላሉ የሚደነግጥ እንዳልሆነ ብቻ ያዙልኝ።

ያኔ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገና ግንባታ ላይ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ጌትነት ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የሚመጡ እንግዶችን በእግርና በሳይክል እያዞርን አገር ማሳየት ጀምረን ነበር፣ ዘንገና ሐይቅን፣ ፏፏቴዎቹን፣ የቀርከሃ ጫካውን። ከእንግዳ ጋር ማውራቱ የኔ ነው፣ ጉልበቱ የጌትነት። ጌትነት የደከመውን እንግዳ ቦርሳ በጀርባው፣ ሳይክሉን በትከሻው አድርጎ ዳገት የሚወጣ፣ እምቢ ማለት ያልፈጠረበት ሰው ነው፣ እኔማ «አንተን የሰሩህ ለጭነት ነው» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

እንግዳ ሊመጣ ሲል ቀድመን መንገዱን ራሳችን መሄድ ልማዳችን ነው፣ ምክንያቱም ትናንት መንገድ የነበረውን ገበሬው ዛሬ አጥሮት ወይ ጎርፍ በልቶት ታገኙታላችሁ። ያን ቀንም ጥቅምት ገብቶ፣ በነጋታው እንግዶች ስለነበሩን፣ ከምሳ በኋላ ጌትነትን ልወስደው ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ዓለምነሽ አራስ ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፣ ጓዳ ሆና «ሳይመሽ መልስልኝ፣ አደራ፣ አራስ ብቻዋን አታድርም» አለችኝ። እኔም ሳላስብ «እቴ፣ አደራሽ በኔ ይሁን» አልኳት።

ከአስፋልቱ ወጥተን ዘንገናን በስተጀርባ በሚዞረው የእግር መንገድ ገባን። ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሬቱ ገና አልደረቀም፣ ጭቃው ጎማችንን እየያዘ ያስጨንቀናል። ከዚያ ጉም መጣ። ለአዊ ሰው ጉም ብርቁ አይደለም፣ ግን ይሄኛው ከሐይቁ በኩል ተነስቶ መጥቶ ከፊት ለፊቴ ያለውን የጌትነትን ጀርባ እንኳ ሲያደበዝዝብኝ ቀስ በል አልኩት።

መጀመሪያ የሰማነው ጡሩምባ ነው። አንዴ ተነፋና ዝም አለ። ጌትነት ቆመና «ሰው ሞቷል» አለኝ፣ «ማን ይሆን? ጠዋት እኮ እዚህ ሰፈር ምንም አልተባለም።» ቀጥሎ የፈረስ ኮቴ ሰማን፣ ቀስ ያለ፣ ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ፈረሱ ራሱ ወጣ። በኛ አገር ፈረሰኛ ሰው ሲሞት ፈረሱ በግላስና በኮርቻው ተሸልሞ፣ ማንም ሳይቀመጥበት በለቅሶው ፊት ይሳባል፣ ይሄም እንደዚያ ነበር። ከኋላው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች፣ ከነሱ መሐል ቃሬዛ።

አሁን ሳስበው አንድ ነገር ያኔውኑ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሲሄድ አንድም የሚያለቅስ የለም፣ እሺ፣ ደክሟቸው ይሆናል እንበል፣ ግን የኔ ጫማ ጭቃው ውስጥ እየገባ ሲጮህ የነሱ እግር ምንም ድምፅ የለውም። የሚሰማው የፈረሱ ኮቴ ብቻ ነው። ይሄንን አይቼ አላየሁም፣ እመኑኝ፣ ሰው ቀብር ሲያይ የሰው እግር አይመረምርም።

ቀብር መንገድ ላይ ያገኘ ሰው በቅሎ ላይም ቢሆን ወርዶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ጥቂት ሸኝቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይመለሳል፣ ሳይክልም ያው ነው ብለን ወረድንና ከኋላቸው መሄድ ጀመርን። ቃሬዛውን በስተኋላ በቀኝ በኩል የያዘው ሽማግሌ ወደ ጌትነት ዞር ብሎ በአዊኛ ተናገረው። እኔ ቋንቋውን ጥቂት ጥቂት ብሰማውም ያን ጊዜ ትርጉም አላስፈለገኝም፣ ትከሻው የዛለ ሸካሚ የሚለው የታወቀ ነው፣ ተቀበለኝ ነው ያለው። ደግሞ እምቢ አይባልም፣ ሟቹን ባታውቀውም አይባልም፣ ዛሬ ያልተሸከመ ነገ ማን ይሸከመዋል?

ጌትነት ሳይክሉን ለኔ ሰጠኝና ገባለት።

«ኧረ በስመ አብ!» አለ ወዲያው እየሳቀ፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይሄ ሰውዬ ከነበሬው ነው እንዴ የሞተው?»

«ዝም በል፣ ለቀስተኛ ይሰማሃል!» አልኩት፣ እኔም ሳቄን እየዋጥኩ። ሽማግሌውን ላየው ብዬ ዞር ብል የለም፣ ወደ ፊት ቀድሞ ሄዷል አልኩ በልቤ።

ትንሽ እንደሄድን ጌትነት መሳቁን ተወ። «ና እንግዲህ ተቀበለኝ» አለኝ። ሁለቱን ሳይክል ይዤ ስለነበር «ቆይ ከፊትህ ያለውን ተቀበለኝ በለው» አልኩት። ከፊቱ ያለውን ጠራው፣ ሰውየው አልዞረም። በግራ ያለውንም ጠራው። ማንም አልዞረም። «ወንድሜ፣ ተቀበለኝ» አለኝ እንደገና፣ አሁን ድምፁ ሌላ ነው፣ ሳይክሎቹን ጭቃው ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

እዚህ ላይ አታምኑኝም፣ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ሮጥኩ እንጂ አልደረስኩበትም። እነሱ በቀብር እርምጃ፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ እኔ በሙሉ ጉልበቴ እሮጣለሁ፣ በመሐላችን ያለው ግን እጄን ብዘረጋ ጃኬቱን የምነካ የሚመስለኝ ያች ክፍተት ናት፣ አትጠብም፣ አትሰፋም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታትሮ ይታየኛል። «እመቤቴን! ተቀበለኝ! ሊሰብረኝ ነው!» ይላል። «ጣለው! ጣለው በቃ!» አልኩት፣ ሬሳ ጣል ማለቴ ነው፣ እስቲ አስቡት፣ «አይወርድም!» አለኝ። ወድቄ ተነሳሁ፣ ቀና ስል ጉሙ ሸፍኗቸዋል፣ ድምፁ ብቻ ነው ያለው፣ ከዚያችው ርቀት፣ ተቀበለኝ፣ ተቀበለኝ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ።

እንደ እብድ እየጠራሁት ከዛፉ መሐል ወጥቼ ሜዳ ላይ ስደርስ ጉም የሚባል የለም፣ ፀሐይ ነው። አንዲት እናት ላማቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እናቴ፣ ቀብር በዚህ አላለፈም?» አልኳቸው።

«የምን ቀብር ልጄ? እኔ ከምሳ ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

«አሁን እኮ ጡሩምባ ተነፍቷል፣ አልሰሙም?»

«ጡሩምባ ቢነፋማ እኔ ላም ስጠብቅ ታገኘኝ ነበር? ለቅሶ እሄድ ነበር እንጂ። ምን ሆንክ አንተ? ውኃ ላምጣልህ?»

ስልኬ የጠራው ያኔ ነው፣ ዛፉ ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ዓለምነሽ ናት። ሕፃኑ ከበስተኋላዋ ያለቅሳል። «የት ደረሳችሁ? የሱ ስልክ አይሠራም» አለችኝ። እኔ ያ አፈኛው፣ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀኝ፣ አፌ ላይ የመጣው ውሸት ነው። «እየመጣን ነው» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የአካባቢው ሰዎች ተጠራርተው ከኔ ጋር ገቡ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አገኘነው። ሳይክሎቹን የጣልኩበት ቦታ ላይ ቆሟል። ጃኬቱ ቀኝ ትከሻው ላይ አልቆ፣ ሥጋው ተልጦ ደም አዝሏል። ጭቃው ላይ የኔና የሱ ዱካ፣ የሳይክሎቹም ጎማ አለ፣ የሌላ የማንም ዱካ የለም፣ የፈረስም የለም። አቅፌው «ጌትነት» ስለው ዓይን ዓይኔን እያየ፣

«ለምን አልተቀበልከኝም?» አለኝ።

«ስሮጥ አላየኸኝም እንዴ? ስሮጥ እኮ ነበር!»

«ቆመህ ነበር» አለኝ፣ ሳይቆጣ፣ «ሁለቱን ሳይክል ይዘህ ቆመህ ነበር። ዞር ባልኩ ቁጥር ቆመህ ታየኛለህ።»

አደራዬን መለስኩ፣ መለስኩ ከተባለ። በማግስቱ በዙሪያው ያሉ አጥቢያዎችን እየዞርኩ ጠየቅኩ፣ በዚያ ቀን የተቀበረ ሰው የለም። ጤና ጣቢያ ቁስሉን አጥበው ቀብተው ሸኙት፣ ቁስሉ ዳነ፣ ጠበልም ገባ፣ ትከሻው ግን ወርዶ ቀረ። ባሕር ዳር ድረስ ወስጄ ራጅ አስነሳሁት፣ አጥንቱ ደህና ነው አሉኝ። ጌትነት ሥራውን ትቶ እርሻው ገባ፣ ከኔ ጋር አልተጣላም፣ እንዲያውም ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ጥሊሊ ገበያ ተገናኘን። ልጁን በግራ ክንዱ ታቅፏል፣ ልጁ አድጓል፣ ከብዷል፣ ክንዱ እየዛለ ሳለ ወደ ቀኝ አያዛውረውም። ስንት ጊዜ ውስጤ ሲመላለስ የኖረውን ጥያቄ የዚያን ቀን ደፈርኩና አወጣሁት።

«ጌትነት፣ ያን ሰውዬ የት አወረዳችሁት?»

የጠየቅኩት ያልገባው መስሎ አየኝ። «ማን አወረደው?» አለኝ፣ «ገና አልደረስንም እኮ።»

ከዚያ ባዶውን ቀኝ ትከሻውን፣ ሸክም እንደሚያስተካክል ሰው፣ ትንሽ ከፍ አድርጎ አመቻቸውና መንገዱን ቀጠለ። ተከተልኩት፣ አሁን ማንም ሳይከለክለኝ ደረስኩበት፣ ጎኑ ቆምኩ፣ እጄን ወደ ትከሻው ዘረጋሁ፣ ግን ምኑን ይዤ ልቀበለው?