ያልተሰጠ ምርቃት

አያ ተፈራ በደረጃው ግርጌ በጎናቸው ተኝተው ተገኙ። ነጭ ነጠላቸው ከትከሻቸው አልወረደም። አንድ እግራቸው ግን ከነጫማው ከታች ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ቤቱን መልቀቅ እምቢ ያለ ይመስል። ሐሙስ አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲመለስ ያገኛቸው የፊት ለፊት ጎረቤታቸው ስሜነህ ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌሩ።

ፖሊሶች ወደ ኢየሩሳሌሙ ሰፈር ወደ ቂርያት መናሔም መጡ፣ ደረጃውን አዩ፣ ሬሳውን አዩ። «ሽማግሌና ደረጃ» አለ አንዱ በዕብራይስጥ። ለእሱ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከነሱ ጋር የመጣው መርማሪ ግን ወደ ሟቹ ቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። በጣቢያው ኤሊያሁ ይባላል፤ በሰፈሩ የሚታወቀው ግን እናቱ ባወጣችለት ስም ነው፤ ሸጋው። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የአያ ተፈራ ዱላ ተሰቅሏል። ሽማግሌው በሱዳን መንገድ ጉልበታቸው ከተጎዳ ወዲህ ያለዚህ ዱላ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ እንደማይወጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ጋሼ ስሜነህ፣ አያ ተፈራ ያለ ዱላ የሚወጡበት ጊዜ አለ?»

ስሜነህ አሰበ። «እንግዳ ሲሸኙ ብቻ። ዱላ ይዞ መሸኘት ማባረር ነው ይሉ ነበር። የእንግዳውን ትከሻ ይዘው እስከ ደረጃው አፍ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ግድግዳውን ይደገፋሉ።»

«እርስዎንም ይሸኙ ነበር?»

«እኔን? በቀን አራቴ እገባለሁ እኮ። ጎረቤት ይሸኛል እንዴ?»

ሸጋው ዱላውን ከምስማሩ ሳያወርድ በሩን ዘጋ።

የአያ ተፈራ ሞት ለማን እንደሚጠቅም ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገውም። ሽማግሌው ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ወንድና ሴት ሲተጫጩ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌላቸው ካልተረጋገጠ ሽማግሌ አይመርቅም፤ ይህ ከጎንደር አብሮ የመጣ ሕግ ነው። ቆጠራው በወረቀት አልሰፈረም። ያለው በአዛውንቶች ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ከእነዚያ ጭንቅላቶች መካከል በዚያ ሰፈር የቀረው የአያ ተፈራ ብቻ ነበር።

አሁን የሚጠበቀው ቆጠራ ደግሞ የገዛ ቤታቸው ነው። አባቷ በሱዳን በረሃ የቀረባትን የወንድማቸውን ልጅ ሲጋልን እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። ሲጋልን ያጫት ያይር ነው፤ ከታች ወለል የምትኖረው የመበለቷ የእናና አንድ ልጅ። የያይር የአባቱ ዘርና የአያ ተፈራ ዘር የሆነ ቦታ ይነካካሉ ይባላል። የት ላይ? ስንተኛው ቤት ላይ? ሽማግሌው ክረምቱን ሙሉ ዝም ብለው ከርመው፣ በመጨረሻ «ቅዳሜ በሽማግሌዎች ፊት እናገራለሁ» አሉ። ሐሙስ ሞቱ፤ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ተቀበሩ።

ሸጋው መጀመሪያ ያነጋገረው ያይርን ነው፤ የገበያ አዳራሽ በር ላይ የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ አገኘው። ሐሙስ ከሰዓት ጥበቃውን ጥሎ እንደሄደ አለቃው ተናግሯል። ያይር መጀመሪያ አልሄድኩም አለ፤ ቀጥሎ ጉዳይህ አይደለም አለ። በመጨረሻም አማርኛውን በዕብራይስጥ እየቆራረጠ ተናገረ።

«ራባኑት ነበርኩ። የጋብቻ ቲክ ላስከፍት። እዚያ ሰባት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ መታወቂያና ምስክር ብቻ ነው። አያ ተፈራን ሰላም ማለት ካቆምኩ ወር አልፎኛል፤ ቤታቸውም ረግጬ አላውቅም።»

ጋብቻ በሚመዘግበው በራቢዎቹ ቢሮ፣ በራባኑት፣ ያለችው ጸሐፊ ልጁን አልረሳችውም። ሙሽሪት አብራው ካልመጣች ፋይል እንደማይከፈት ብትነግረው ጮኾባት ስለነበር፣ ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ በጥበቃ ሠራተኞች መሃል ተቀምጦ አይታዋለች።

ስሜነህም ምክንያት ነበረው። በወጣትነቱ አገር ቤት ሳለ ከአንዲት ልጅ ጋር የነበረውን መተጫጨት አያ ተፈራ በቆጠራ አፍርሰውበታል፤ ከዚያ ወዲያ አላገባም። ይህን ሸጋው ሲያነሳበት አልተቆጣም።

«ጠልቻቸዋለሁ፤ አልክድም። ግን በየሰንበቱ አብሬያቸው ስለ ፊልም አወራለሁ። ሰው እኮ ጠላቱንም ይለምዳል።»

ሽማግሌው ሞቱ በተባለበት ሰዓት ስሜነህ ከነተሳፋሪው መሃል ከተማ መንገድ ላይ ነበር። እናና ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ማሐኔ ዬሁዳ ገበያ እንደዋለች ተናገረች። ሐሙስ ለሰንበት የማይገዛ ማን አለ? ማንም አላጣራውም።

በዚያ ሕንጻ አንድ ልማድ ነበር። ስሜነህ በየሳምንቱ ከመሃል ከተማ የቪዲዮ ካሴት ይከራያል። ካሴቱ መጀመሪያ እሱ ቤት፣ ቀጥሎ እናና ቤት፣ በመጨረሻ አያ ተፈራ ቤት ይታያል። በሰንበት ቴሌቪዥን ስለማይከፈት ሁሉም እናና ቤት ተሰብስበው ያዩትን ያወራሉ፤ ይተቻሉ፣ ያጣጥላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ስሜነህ ራሱ ያነባል፤ ዕብራይስጥ ለማያነቡት ትልልቆች ግን ከሥዕሉ ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ በአማርኛ የሚነግራቸው ከልጆች አንዱ ነው።

ሸጋው በዚያ ቅዳሜ እናና ቤት ሲገባ ብዕርም ወረቀትም አልያዘም፤ በሰንበት አይጻፍም። የሰንበቱ ዳቦ ተቆርሷል፤ ሲጋል ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታለች። ለጥያቄ እንዳልመጣ ነገራቸው። ሟቹ መጨረሻ ያዩት የዚህን ሳምንት ፊልም ስለሆነ ምን ዓይነት ፊልም እንደነበር ብቻ መስማት እንደሚፈልግ አስረዳ።

ስሜነህ ጀመረ። «እኔ አልወደድኩትም። ደሴት ላይ ልጅና ልጅት ይዋደዳሉ፤ አንድ ዕውር ሽማግሌ ዘመዳሞች መሆናቸውን ስለሚያውቅ ይከለክላቸዋል። ባሕሩ ብዙ፣ ነፋሱ ብዙ፣ ወሬው ትንሽ። ሁለት ጊዜ ሻይ አፍልቼ ተመለስኩ፤ ልጅቷ አሁንም ባሕሩን ታያለች።»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። ያይር ሳምንቱን ሙሉ ቀንም ማታም ጥበቃ ላይ ስለነበር ካሴቱን በዓይኑ እንዳላየው ተናገረ።

«እኔስ ወድጄዋለሁ» አለች እናና ዳቦ እያዞረች። «መጨረሻው ደስ ይላል። ሽማግሌው እጁን ጭኖ መረቃቸው፤ ልጅቷም የሠርግ ልብስ ልትገዛ በጀልባ ሄደች።»

ስሜነህ ጉርሻውን ያዝ አደረገው። «የምን ምርቃት? ረግሞ አባረራት እንጂ። የሄደችው ላትመለስ ነው። አንቺ እቴ፣ ተኝተሽ ነው ያየሽው።»

«ለደከመው ሰው ፊልም አንቀልባ ነው» አለ ከእንግዶቹ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። እናናም ሳቀች፤ እንቅልፍ ወስዷት ሊሆን እንደሚችል አመነች። ሳቁ ያልደረሰው ሲጋል ጋ ብቻ ነው። ቀና ብላ የያይርን እናት አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን መልሳ ዳቦው ላይ ጣለች። ሸጋው ይህን አየ።

በማግስቱ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ አገኛት። ሲጋል እዚያ አንዲት ብቸኛ አሮጊት ትጦራለች። ለአጎት ሐዘን የሥራ ፈቃድ አይሰጥም ብለዋት ነበር፤ ፈቃድ ያለው ለአባት ነው፤ አባት ደግሞ የላትም። እዚያው ባለው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ አጥር ጥላ ሥር ተቀመጡ። መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። አንድ መነኩሴ ሲያልፉ ጥቁር ልብሷን አይተው «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» አሏት፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ በምን እንደምትጸልይ አልጠየቁም። ሲጋል ያን ጊዜ አለቀሰች።

«ሐሙስ ፊልሙን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ» አለች ስትረጋጋ። «በሩን ለነፋስ ከፍተን ነበር የምናየው። ታሪኩ የኛው ነገር ሆነብኝ። ሽማግሌው ሲረግም፣ ‹እየመረቃቸው ነው› አልኳቸው። ልጅቷ ጀልባ ስትሳፈር፣ ‹የሠርግ ልብስ ልትገዛ ነው› አልኩ። ልባቸው ይራራ ይሆናል ብዬ ነው።»

«አመኑሽ?»

«‹ለልብስ ነው እንዲህ የምታነባው?› ብለው ሳቁብኝ። ቀጥሎ፣ ‹የፊልም ሽማግሌ መመረቅ አይቸግረውም፤ እኔ ቅዳሜ የማውቀውን እናገራለሁ› አሉ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ስወርድ ደረጃው ላይ ማንንም አላየሁም። ደህና ይዋሉ እንኳ አላልኳቸውም።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አፍሬ።»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን ዝም አልሽ?»

ሲጋል ዓይኗን ጠረገች። «የያይር እናት ናቸዋ» አለች።

ሰኞ ከሰዓት ሸጋው ሁሉንም አያ ተፈራ ቤት ሰበሰባቸው። የቴሌቪዥኑ መስታወት ለሐዘኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። እናና ወንበር ላይ፣ ያይር ከጀርባዋ፣ ሲጋል መስኮቱ አጠገብ፣ ስሜነህ በሩ ላይ ነበሩ። ሸጋው ቆሞ፣ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ።

«አያ ተፈራ ሲወጡ ዱላቸው እዚህ ቀርቷል። ስለዚህ እንግዳ ሊሸኙ ነው የወጡት። ሲጋል የቤት ልጅ ናት፤ ልጅ አይሸኝም። ጋሼ ስሜነህ ጎረቤት ነው፤ በዚያ ላይ አውቶቡስ እየነዳ ነበር። ያይር አኩርፏቸዋል፤ ራባኑትም ሲጮኽ ውሏል። እንግዳው እንግዲህ አያ ተፈራ ሊያከብሩት የሚገባ፣ ከዚሁ ሕንጻም ቢሆን አልፎ አልፎ ለጉዳይ የሚመጣ ትልቅ ሰው ነው።»

ሸጋው ወደ ተሸፈነው ቴሌቪዥን ዞረ።

«ቀጥሎ ፊልሙ። ፊልሙ ሁለት መጨረሻ አለው። አንዱ ካሴቱ ላይ ያለው እርግማን ነው። ሌላው ምርቃት ነው፤ እሱን ሲጋል ከራሷ ፈጥራ ሐሙስ ለአጎቷ ተናገረች፤ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚህ ክፍል ውጭ ምርቃት የሚባል ነገር የለም። ቅዳሜ ግን እትዬ እናና ምርቃቱን አወሩልን።»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ብያለሁ» አለች እናና።

«እንቅልፍ ታሪክ ያጎድላል እንጂ አይጨምርም እትዬ። የሠርግ ልብሱን እንቅልፍ አልሰጠዎትም። ካሴቱ እርስዎ ቤት በነበረበት ቀን የሚያስረዳዎት ያይር ጥበቃ ላይ ነበር። ሳያዩት ነው ለአያ ተፈራ ያሳለፉት፤ ይህ ነውር አልነበረም፤ አላየሁም ቢሉን ይበቃ ነበር። እዚህም ቢሆን አላዩትም፣ ሰሙት እንጂ። የልጅቷን እንባ ያየ ሰው ለልብስ ሄደች ብሎ አያምንም፤ አያ ተፈራም አላመኑም። እርስዎ በሩ ለነፋስ ተከፍቶ ሳለ ውጭ ነበሩ። ሲጋል ስትወጣ ወደ ጣሪያው በሚወስደው ደረጃ ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ አላየችዎትም። ‹ቅዳሜ የማውቀውን እናገራለሁ› የሚለውንም ሰሙ። ከዚያ ገቡ።»

ያይር እጁን ከእናቱ ወንበር ላይ አነሳ። «እማ፣ ገበያ ነበርኩ በይው።»

እናና ልጇን ቀና ብላ አላየችም። ስትናገር ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ገበያም ሄጄ ነበር። ብርቱካን ገዝቼላቸው መጣሁ፤ ልለምናቸው ነው የመጣሁት። እግራቸውን ሳምኩ። በሽማግሌ ፊት ነው የሚነገረው አሉኝ። ተነሳሁ፤ ትከሻዬን ይዘው ሊሸኙኝ ወጡ። ደረጃው አፍ ላይ፣ ‹ስንት ቤት ነው አያ? ቁጥሩን ብቻ ይንገሩኝ› አልኳቸው። ዝም አሉ። እንደገና ለመንኩ። ዝም አሉ።» ነጠላዋን ሰበሰበች። «አልገፋኋቸውም። ትከሻዬን ወሰድኩ። ዞር አልኩ፤ ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

«ከዚያ ወደ ቤትዎ ወረዱ።»

«ወረድኩ።»

«በአጠገባቸው አልፈው። ይተነፍሱ ነበር?»

እናና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ያይር ወደ ግድግዳው ዞረ። ሸጋው ሌላ ጥያቄ አላስፈለገውም፤ ውጭ የቆሙትን ሁለት ፖሊሶች ጠራ።

እናና ስትነሳ ሲጋል ከመስኮቱ መጥታ መንገዷ ላይ ቆመች። ሁሉም እርግማን ጠበቀ። እሷ ግን በለሆሳስ ጠየቀች።

«ስንት አሉ?»

«አልነገሩኝም ልጄ።»

«አንድ ቃል እንኳ? ሰባት ይሞላል፣ አይሞላም?»

«ምንም።»

ስሜነህ በሩን ለቀቀላቸው። «እናና» አለ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም፤ «የሚከለክል አፍ መስሎሽ ዘጋሽው። የሚፈቅደውም እኮ ያው አፍ ብቻ ነበር። አሁን ‹ይሞላል› የሚል ማን ቀረ? እኔ ‹አይሞላም› ተብዬ ነው የኖርኩት፤ ቢያንስ ተብያለሁ።»

እናናን ይዘዋት ወረዱ። ስሜነህም ወደ ቤቱ ገባ። ሸጋው ገና ደረጃው ላይ ሳለ ከላይ የያይር ድምፅ ይሰማው ነበር፤ ራባኑት አይጠይቅም፣ ሌላ ከተማ እንሄዳለን፣ ማንም አያውቀንም እያለ ነበር። ከዚያ የያይር እርምጃ ተሰማ።

«አትንካኝ» አለች ሲጋል። «ቆይ። ወደ መስኮቱ ና።»

መጣ።

«ፊትህን ወደ ብርሃኑ አዙር።»

አዞረ። ግንባሩን፣ የቅንድቡን አጣጣል፣ የጆሮውን አወጣጥ አንድ በአንድ እያየች፣ የአጎቷን ፊት ፈለገችበት።