በኦቦ ቦሩ ጋቢ ላይ የቀረው አበባ

ኦቦ ቦሩ ሞተው የተገኙት ቡራዩ አጠገብ ገፈርሳ ግድብ ዳር፣ ተቃዋሚዎች መንገዱን በድንጋይ በዘጉ ማግስት ነው። ጭንቅላታቸው አጠገብ ደም የነካው ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ሲያንከባልል የታየው የጠጅቱ ልጅ ኦዳ ታሰረ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ይነጥቃል ተብሎ አገሩ ታውኮ ስለነበር ሌላ ገዳይ የፈለገ የለም።

የፖሊስ መርማሪዋ ዱርሲቱ ግን ተጠራጠረች። ውጭ አገር ተምራ ከተመለሰች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቡራዩ ውስጥ በሯን የሚያንኳኳ ጎረቤት የላትም። ሟቹም ብቸኛ ነበሩ። ጋቢያቸውን ስታገላብጥ የደረቀ የአበባ ራስ ተጣብቆበት አገኘች።

«ይሄማ የገፈርሳ አበባ ነው፣ ኦቦሌቲ፣ እህቴ» አላት የወንድማቸው ልጅ ሞቱማ፣ ግቢው ውስጥ ዶሮዎቹን እየመገበ። «ዳር ዳሩን ሞልቶታል። እዚያው ነው የሞቱት፤ ምን ያመራምራል?»

«እዚህ መጥተው ነበር?»

«ኧረ! ግቢዬን ረግጠውት አያውቁም።»

መኖው ውስጥ የስንዴ ግርድ አየችና ወደ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወደ ከድሩ አለፈች።

«ከውጭ የመጣ ስንዴ ታበጥራለህ? ግርዱንስ የት ትደፋዋለህ?»

«ምን ተርፎኝ እደፋለሁ? ሞቱማ ለዶሮዎቹ ጠራርጎ ይወስደዋል። ወላሂ፣ የሱ ዶሮዎች ከኔ ይሻላሉ!»

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ለቅሶ ድንኳን ተቀምጠው ሳለ ዱርሲቱ ሁለት የአበባ ራሶች መዳፏ ላይ አኖረች።

«ሁለቱም የሱፍ ተክል ዘመዶች፣ እህትማማቾች ናቸው። አበባቸው ሐምራዊ ስለሆነ ከሩቅ አይለዩም። ከአበባው ሥር ያለውን ቅርፊት ግን እዩት። የገፈርሳው ጫፉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ጨርቅ አይዝም። ጋቢው ላይ ያገኘሁት ግን ረጅም እሾህ አለው። ገፈርሳን ሁለት ቀን ዞርኩ፤ እሾሃሙን አላየሁም። ዘሩ ከውጭ ስንዴ ጋር ይመጣል፤ ከግርዱ ውስጥ ዶሮ ያልለቀመው ይበቅላል። በቅሎ ያገኘሁትም አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከዶሮ ቤትህ ጀርባ፣ ሞቱማ። እዚያው ገለባው ላይ ደም አለ። ረግጠውት አያውቁም አላልክም?»

ሞቱማ አንገቱን ደፋ።

«መሬቱን ሳይነጥቁን እንሽጠው ብዬ ለመንኳቸው። አልፈርምም አሉ። ገፋኋቸው... ድንጋይ ላይ ወደቁ። መንገዱ ሲዘጋ ከነድንጋዩ በጋሪ ገፈርሳ ወሰድኳቸው።»

«የሞቱት ከመገኘታቸው ሁለት ቀን ቀድመው ነው» አለች ዱርሲቱ ወደ ለቀስተኛው ዞራ። «ሁለት ቀን ሙሉ፣ ቦሩ የት ገቡ ያለ ሰው አልነበረም።»

ሞቱማን አብረዋት ለመጡት ፖሊሶች አስረከበች።

ስትወጣ የኦዳ እናት ጠጅቱ እየሮጠች ደረሰችባት።

«ኦዳ ዛሬ ይፈታል?»

«ዛሬ።»

«እንግዲያው እራት እኛ ጋ ነሽ። ብትቀሪ የት ገባች ብዬ ራሴ እመጣለሁ።»

ዱርሲቱ እሾሃሙን አበባ በወረቀት ጠቅልላ፣ የቤቷን አቅጣጫ ነገረቻት።