ደጃፍ ላይ የተሰቀለ ቅርንጫፍ

ቺያ ቅርንጫፉን ከበሩ መቃን ላይ ለማሰር ስትንጠራራ ገመዱ ሁለት ጊዜ ከእጇ አመለጣት። በሦስተኛው ያዘላት። ራቅ ብላ አየችው። ትንሽ ዘመም ብሏል እንጂ እውነተኛ ይመስላል።

በሞንግ ብሔረሰብ መንደር ለምለም ቅርንጫፍ የተሰቀለበት ቤት አይገባም። ወይ አራስ አለችበት፣ ወይ ደግሞ ታማሚ አለና ነፍሱ እንድትመለስ የመጥራት ሥርዓት ተደርጎለታል። ለሦስት ቀን ከቤቱ ሰው በቀር ማንም ደጁን አይረግጥም። ከውጭ ሆኖ መጣራትም ነውር ነው፤ በመመለስ ላይ ያለችው ነፍስ ትደነግጣለች። እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅም የለም። ቺያ የተማመነችው በዚህ ነበር።

ከነገ ወዲያ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ መግቢያ ፈተና ነው። ከወረዳው ሁሉ የሚወስዱት ሠላሳ ልጅ ብቻ ነው። እናቷ ግን ማለዳ ወደ እርሻ ስትወጣ «ዛሬ አራት እንግዶች አሉብን፣ ሶንግ ይዛቸው ትመጣለች» ብላ ሄደች። እንግዳ ማለት ከፍሎ የሚያድር የውጭ አገር ጎብኚ ነው፤ ምን እንደሚያስከትል ቺያ አሳምራ ታውቃለች። ቆጡ ላይ ያለው መኝታዋ ለእነሱ ይለቀቃል። እሷ ደግሞ ምሽቱን ሙሉ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ስትተረጉም ታመሻለች። አያትሽ ስንት ዓመታቸው ነው? ጎሹ ስም አለው? እጃችሁ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ጨርቅ ቀለም ውስጥ ስለምንነክር ነዋ! ይህን መቶ ጊዜ ተናግራዋለች። እናቷ ከመመለሷ በፊት ቅርንጫፉን ታወርድና «ሶንግ ወደ ሌላ ቤት ወሰደቻቸው» ትላለች። አለቀ።

አያቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የቃጫ ክር ትቀጥላለች። ዓይኗ ከደበዘዘ ሦስት ዓመት ሆኗታል፣ ጣቶቿ ግን አይስቱም።

«ቺያ፣ ፓኦ ዛሬ ይመጣ ይሆን?»

«እንጃ አያቴ። ነገ ይሆናል።»

ፓኦ የአያቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሲቃረብ ከተራራው ማዶ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው በእግራቸው ይመጣሉ። አያቷ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠይቅ ስለከረመች ቺያ ጥያቄውን መስማት ትታለች።

ከቀትር በኋላ ሶንግ ከእንግዶቿ ጋር ብቅ አለች። ሶንግ የመንደሩ ልጅ ናት፤ ሁለት ልጆች ወልዳም መንገድ መምራቱን አልተወችም። ቅርንጫፉን ስታይ እጇን ዘርግታ እንግዶቹን አጥሩ ጋ አስቆመቻቸው። ቺያ ሮጣ ወጣች።

«ኧረ ቺያ፣ ማን ታመመባችሁ?»

«አያቴ» አለች ቺያ። «ማታ ነው የጀመራት። ነፍሷን ጠሩላት።»

«ውይ፣ እኔን! ትናንት ገበያ ውስጥ ከእናትሽ ጋር ስንሳሳቅ ነበር እኮ!» ሶንግ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በይ ግቢ፣ ብቻዋን አትተያት። እኛ ላይኛው ሰፈር እነ ካ ቤት እናድራለን።»

ከእንግዶቹ አንዷ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ጉልበቷ በፋሻ ተጠምጥሟል። ሩቅ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሶንግ «ትንሽ ነው» አለቻት። የሶንግ ትንሽ የአንድ ሰዓት ዳገት መሆኑን ቺያ ታውቃለች። ሴትየዋ ዳገቱን ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ዞራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለታመመችው አሮጊት አንገቷን ዝቅ አደረገች። ቺያ መሬት መሬቱን አየች።

ቆጡ ላይ ወጥታ ደብተሯን ከፈተች። ሦስት ጥያቄ ሠራች፣ ሦስቱንም አገኘቻቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። አራተኛውን ስትጀምር ከውጭ ሳል ተሰማ።

በሳንቃው ስንጥቅ አየች። አባባ ፓኦ ናቸው። የላስቲክ ቦቲያቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ጀርባቸው ላይ ቅርጫት አለ። ቅርንጫፉን አዩትና ባሉበት ቀጥ አሉ። ቆባቸውን አወለቁ። አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ሳሉን እያፈኑ ነው።

ወጥታ ብትጠራቸው ውሸቷ ይታወቃል። ቺያ አልተንቀሳቀሰችም።

«ማን ነው?» አለች አያቷ ከታች።

«ማንም የለም።»

አባባ ፓኦ ጥቂት ቆመው ወደ መጡበት ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ቺያ በስንጥቁ አየች።

«የፓኦን ሳል የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አለች አያቷ። ክሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። «በቃ፣ ጆሮዬም እንደ ዓይኔ ሊከዳኝ ነው።»

ቺያ እርሳሷን ጣል አደረገች። መሰላሉን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ በሩን በርግዳ ወጣች።

ታችኛው ሰፈር ስትደርስ የጎረቤታቸው ደጃፍ ላይም ቅርንጫፍ ተሰቅሏል። ሴትየዋ ከትናንት ወዲያ ነው የወለደችው። ቺያ በአጠገቡ ስታልፍ «እውነት ወልዳ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶባት አያውቅም። በገዛ ራሷ አፈረች።

አባባ ፓኦን ድልድዩ ላይ ደረሰችባቸው። ሲያዩዋት ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«እህቴ ትናገራለች? እህል ትቀምሳለች?»

ቺያ ትንፋሿን ሰበሰበች። ‹ዛሬ ተሽሏታል፣ ሦስቱም ቀን አልቋል፣ ይግቡ› ብትል ይበቃል። ሁሉም ነገር ይስተካከላል።

«ማንም አልታመመም፣ አባባ። ቅርንጫፉን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። እንግዳ እንዳይገባ ብዬ… ላጠና ነበር።»

ከድልድዩ በታች ውሃው ይጮኻል።

«ከደጃችሁ እስከዚህ ምን እያሰብኩ እንደመጣሁ ታውቂያለሽ?» አሉ አዛውንቱ። «የመቀበሪያ ልብሷ ተሰፍቶ ይሆን እያልኩ ነው የመጣሁት! አንቺ ልጅ!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ዞር በይ ከፊቴ!» አሉና ቀድመዋት ዳገቱን ጀመሩ። ሲናደዱ እርምጃቸው ይፈጥናል። ደጃፉ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ውሸት መሆኑን እያወቁ ቅርንጫፉ ሳይወርድ አልገባም አሉ። ቺያ ተንጠራርታ ፈታችው።

«ፓኦ!» አለች አያቷ ኮቴያቸውን ስትሰማ። «ቅድም ሳልህን ሰምቼ ነበር እኮ!»

«ሰምተሽ ነበር፣ አያቴ» አለች ቺያ። «የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ታማለች ማለቷንም ጭምር።

አያቷ ክሩን ወደ ጎን አደረገች።

«በእኔ ላይ በሽታ ጠራሽብኝ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ይቆየን፣ እናትሽ ትምጣ።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጆሮዬ ግን ደህና ነው ማለት ነው። ና ቁጭ በል፣ እሳቱ ጋ ተጠጋ።»

ቺያ ቦቲዋን አጠለቀች። ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላለች፤ እነ ካ ቤት ደርሳ እስክትመለስ ይመሻል። ደብተሯ ቆጡ ላይ እንደተከፈተ ነው።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አሉ አባባ ፓኦ። ቁጣቸው በረድ ብሏል።

«ላይ፣ እትዬ ሶንግ ጋ።»

«ነገ ጠዋት እንግዶቿን ይዛ በዚሁ ታልፍ የለም እንዴ? ያኔ ትነግሪያታለሽ።»

ቺያ በሩ ላይ ቆመች።

«ነገ ስታልፍ አያቴን በጤናዋ ታገኛታለች። ዳነች ብላ ደስ ይላታል» አለች። «በውሸቴ ደስ ሳይላት ልንገራት።»

ቺያ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ዳገቱን ተያያዘችው።